ሞስኮ በእንባ አታምንም፤ ማርቆስስ?

የክርክሩ ርዕስ፦ የውጭ አገር ወዳጅነት እውነት ያን ያህል ሞቅ ያለ ነበር ወይስ ትዝታ ነው ያሳመረው? ሁለቱም ጸሐፊዎች የደብረ ማርቆስ ሰዎች ናቸው።

መምህሩ፦
ሰሞኑን ልጄ «ሞስኮ በእንባ አታምንም»ን አውርዶ አሳየኝ። የቭላዲሚር ሜንሾቭ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ወጣ፤ በማግስቱ ዓመት ኦስካር ወሰደ። ከክፍለ ሀገር የመጡ ሦስት ሴቶች በአንድ የሠራተኞች ማደሪያ ይኖራሉ። ሃያ ዓመት ያልፋል፣ ጓደኝነታቸው ግን አለ። እኔ ያየሁት የራሴን ዶርም ነው። ሩሲያኖችን ያወቅኋቸው ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ (ፖሊ) ስማር ነው፤ ፖሊ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው በሶቪየት እርዳታ ነው። ሞስኮ ስገባ ደግሞ የባሰ ወደድኳቸው። የክፍል ጓደኛዬ እናት ከገጠር ሲመጡ የእንጆሪ ማርማላታውን ለእሱና ለእኔ እኩል ያካፍሉ ነበር። የሱፍ ካልሲ ሠርተውልኛል፤ ተረከዙ ላይ ቀይ ክር ያለበት። በራችን ቁልፍ አያውቅም ነበር። እንዲህ ያለ ወዳጅነት እዚህ አላየሁም።

ነርሷ፦
ጋሼ፣ ፊልሙን እኔም አይቼዋለሁ። በራችን ቁልፍ አያውቅም አሉ? እዚያው ፊልም ላይ የማደሪያው መግቢያ ጋ ስልክ ይዛ የተቀመጠች አሮጊት ዘበኛ አለች እኮ! ወንድሜ ያኔ የሶቪየት ከተማ በነበረችው ኦዴሳ ተምሯል። እንግዳ መታወቂያውን በር ላይ ጥሎ ነው የሚገባው፣ ሲመሽ ውጣ ይባላል ይለን ነበር። ደግሞ ሁለቱ ሴቶች የፕሮፌሰር ልጆች ነን ብለው ሲዋሹ አላዩም? ከሦስቱ አንዷን፣ ካተሪናን፣ ያስረገዘው ሰውዬ የፋብሪካ ሠራተኛ መሆኗን ሲያውቅ ጥሏት አልሄደም? ሞቅ ያለ የሚሉት ይህን ከሆነ ማርቆስም ሞልቷል።

መምህሩ፦
እህት ዓለም፣ እኔ የጻፍኩት ስለ ክፍላችን በር ነው። ዘበኛ የሌለው ሕንፃ የት አለ? እርስዎ የሚሠሩበት ሆስፒታል ዘበኛ የለውም? ያንን ከሀዲ ሰውዬ ደግሞ ጓደኛ ያለው ማን ነው? ይልቅ የካተሪናን የኋላ ፍቅረኛ፣ የጎሻን ልደት ይመልከቱ። ከከተማ ወጥተው ሥጋ ይጠብሳሉ፤ የተማሩ ተመራማሪዎች ለአንድ መካኒክ ይመሰክሩለታል። እስቲ ይህን እኛ ጋ ያሳዩኝ። ለነገሩ ሄዶ ያላየ ሰው አይገባውም።

ነርሷ፦
«ሄዶ ያላየ» መጣች! እኔ ያልሄድኩት እናቴን ላስታምም ነው፤ ስላልገባኝ አይደለም። ደግሞ በሩ ከሕንፃ ወደ ክፍል ጠበበ ማለት ነው? የክፍል በርማ እኛም ቤት አይቆለፍም፤ ጎረቤት ቡና ሲሸተው ሳያንኳኳ ይገባል። እውነቱን ልንገርዎት? እዚያ ማንም ምንም አልጠየቀዎትም። የእድር ድንኳን አልተከሉም፣ ሌሊት በሽተኛ አልተሸከሙም፣ ወንፈል አልወጡም። ወጣት ነበሩ፣ መንግሥት ይከፍላል፣ ክፍሉ ይሞቃል። እንደዚያ ሆኖ ሰው የማይወድ ማን አለ? ለመሆኑ ካልሲ ለሠሩልዎት እናት ከተመለሱ በኋላ ደብዳቤ ጽፈውላቸዋል?

መምህሩ፦
ክርክሩ ስለ ፊልም መስሎኝ! የእድር መዋጮ አዛንፌ አላውቅም፤ ዳኛውን ይጠይቁ። ወንፈልንም እኔ ደጀን አካባቢ አርሼ ነው ያደግኩት፣ ከእርስዎ አልማርም። ወንድምዎስ ከኦዴሳ ሲመለስ ያወራልዎት መታወቂያ ብቻ ነው? ሌላ አላወራም?

ነርሷ፦
አውርቷል። ፎቶ እያሳየ አልቅሷልም። ሲያመው ግን ያስታመምነው እኛ ነን፤ ከፎቶው ውስጥ አንድም ሰው አልመጣም። ቢጽፍላቸው ይመጡ እንደሆን እንጃ፣ እሱም አልጻፈም። እርስዎስ? ስለ ማርማላታው ነገሩን፣ ስለ እድሩ ነገሩን። ደብዳቤውን ግን ዘለሉት።

መምህሩ፦
ደብዳቤ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ነው፤ እዚህ አላወራውም። ፊልሙ ሁለት ክፍል አለው። እርስዎ ዘበኛዋን፣ ውሸቱን፣ ያንን ሰውዬ ሁሉ የለቀሙት ከመጀመሪያው ነው። ሁለተኛውን አይተው ይምጡና እንነጋገራለን።