እርማት፦ የፈጅ 114 ዲግሪ አዲስ አበባ ላይ አይሠራም

ለፈረንጆች ገና ቤት ውስጥ ፈጅ (ስኳር፣ ወተትና ቅቤ ተፈልቶ የሚሠራ ለስላሳ ጣፋጭ) ለምትሠሩ አንድ ምክር እየተደጋገመ ነው፦ «የትም ሁኑ የት፣ ስኳርና ወተቱ 114 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ እንዳታወጡት።» ምክሩ የቅንነት ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚኖር ሰው ልክም ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ያበላሻል።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚህ 114ን ከጠበቃችሁ ውሃው ከልክ በላይ ይተንና ፈጁ ይደርቃል። ቢላ ሲነካው ፍርፍር ይላል። ያ ሁሉ ቅቤና ወተት፣ በዚህ ኑሮ ውድነት!

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ቴርሞሜትራችሁን የሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ክተቱት፤ የድስቱን ቂጥ ግን አይንካ። 92 ካለ ከ100 በ8 ያንሳል። ስለዚህ ከ114ም ላይ 8 ቀንሱና 106 ላይ አውጡ።

ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ከሚፈላው ስኳርና ወተት ትንሽ ጠብ አድርጎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይጣል። በጣት ሲሰበስቡት ለስላሳ ኳስ ከሆነ፣ ከውሃው ሲወጣም ጠፍጠፍ ካለ፣ ደርሷል። ይሄኛው መንገድ ቦሌም ሆነ ዋሽንግተን ያው ነው።