ለድንኳኑ የጦር ፍርድ ቤት ምስጋና

እሰይ! ደሴ ከእንግዲህ አስመሳይ ወታደር አያድርባትም። ሰሞኑን አንድ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ የወታደር የሚመስል ዥጉርጉር ጃኬት የደረቡ ሽማግሌ ንፍሯቸውን እያላመጡ ሳለ ሁለት ጎረምሶች ስልካቸውን ደግነው “አንተ፣ የየትኛው ክፍለ ጦር ነህ?” ብለው አፋጠጧቸው። ሼሁና ቄሱ ባንድ ሸራ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር፤ ሁለቱም ክው አሉ። ምን ያስደነግጣል? አንቱታ ጊዜ ይፈጃል፤ ቪዲዮው ደግሞ ከአንድ ደቂቃ መብለጥ የለበትም።

እነዚህን አስመሳይ ወታደር እያደኑ በቪዲዮ የሚያጋልጡ መርማሪዎች ታውቋቸዋላችሁ። መናኸሪያ አሉ፣ ሰርግ ላይ አሉ፣ ጫት የሚቃምበት ቤት ሁሉ አሉ። ደመወዝ የላቸውም፤ ለሠራዊቱ ክብር ሲሉ ብቻ ነው የሚደክሙት። ሽማግሌው ወታደር ነበርኩ አላሉም እኮ። ያለው ጃኬቱ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ ማታ ማታ ከጦሳ የሚወርደው ብርድ አጥንት ሲሰብር፣ ሰው ሰልባጅ ተራ ወርዶ ወፍራም፣ ኪሱ የበዛና እድፍ የማያሳይ ነገር ይገዛል። ዘበኛው ይህንኑ ለብሷል፤ ድንጋይ ጫኙም፣ የሚኒባስ ረዳቱም። በመርማሪዎቻችን ሒሳብ ሸዋ በር ላይ ብቻ አንድ ብርጌድ ሙሉ አስመሳይ ሳይኖር አይቀርም።

ወደ ፈተናው እንግባ፤ ጥያቄዎቹ በጥንቃቄ የተመረጡ ናቸው። የመጀመሪያው “ክላሽ ስንት ይጎርሳል?” ነው። መልሱ 30 ነው፤ ይህን ፊልም ያየ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ችግሩ ዓመት ሙሉ ተሸክሟት የኖረ ሰው “28” ሊል ይችላል፤ የካዝናው ሞላ እንዳይደክም ሁለት ማጉደል የለመደ ብዙ ነው። ወደቀ! ሁለተኛው በቀኝ ጎኗ ስላለችው መቀየሪያ ነው፦ “ከቁልፍ ስታወርዳት መጀመሪያ ምን ታገኛለህ?” ሽማግሌው “አውቶማቲክ” ሲሉ ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። መርማሪው “ነጠላ” እንደሚባል ከጓደኛው ሰምቷላ። ክላሽ ግን የሽማግሌው ምስክር ናት፦ ላይ የማይተኩሰው ቁልፍ፣ መሐል በተከታታይ የሚተኩሰው አውቶማቲክ፣ ታች አንድ አንድ የሚተኩሰው ነጠላ። ደንግጦ አንዴ እስከ ታች የገፋት ሰው ካዝናውን ባንድ ትንፋሽ አይጨርሰውም። ይህን የሚያውቅ የነካት ነው፤ ስለዚህ ተሳቀበት።

ሦስተኛው “የጋንታ መሪህ ማን ነበር?” የሚለው ነው። በደርግ ጊዜ የነበረ ሰው ጋንታ አያውቅም፤ ያንኑ የጦር ክፍል እሱ የሚያውቀው መቶ ብሎ ነው፣ አለቃውንም የመቶ መሪ ብሎ ነው። ጋንታ ከ1983 በኋላ የለመድነው ቃል ነው። ሽማግሌው “ጋንታ ደሞ ምንድን ነው?” ብለው ጠየቁ። ይህ መልስ ለብቻው ተቆርጦ፣ ሳቅ ተጨምሮበት ተለቀቀ። ደግሞ ጦር ማለት ሁሉም ምሽግ ውስጥ ተኝቶ የሚተኩስ ነው ያለው ማን ነው? ኦራል የነዳው፣ ወጥ የሠራው፣ ሬዲዮ ላይ ጆሮውን ደፍቶ ያረጀው፣ ምድር ጦር ኦርኬስትራ ውስጥ ሳክስፎን የነፋው አለ። ሳክስፎን ስንት ይጎርሳል?

እኔ ግን ፈተናው በቃል ብቻ መቅረቱ ይቆጨኛል። ተግባራዊ ክፍል ይጨመርልን። ድንኳን ውስጥ ክላሽ መፍታት ስለማያምር በረከቦት ይሁን። የተጠርጣሪው ዓይን በነጠላ ይታሰራል፤ ፊቱ ጀበና ከነሲኒው ይቀርባል። በመጀመሪያ ካዝናውን ይነቅላል፤ ይኸውም የስኳር ዕቃው ነው። ቀጥሎ ቃታ ስቦ አንዲት ጥይት ውስጥ አለመቅረቷን ያረጋግጣል፤ ማለትም ጀበናዋን ዘቅዝቆ ያንቀጠቅጣል። ይህን የዘለለ ወዲያው ይባረር፤ ክላሽ ሲያጸዳ የራሱን እግር የመታ ሁሉ የዘለላት እርምጃ ይህቺው ናት። ከዚያ ከአፈሙዙ ሥር ያለችውን ማጽጃ ዘንግ ይመዛል፤ የፍም መቆስቆሻው ይበቃል። አሁን የላይኛውን ክዳን ሊያነሳ ነው። እዚህ ላይ ዳኞች አፍጥጠው ይዩ፦ ሞላውን ከኋላ በኩል ገፋ ሳያደርግ ክዳኑን የሚታገል ሰው ነገሩን ያየው በፎቶ ብቻ ነው። ጀበና ሞላ ስለሌላት ውታፏን ገፋ ያድርግ። ክላሽ ላይ ሞላ ያመለጠው ግንባሩን ይመታል፤ ጀበና ላይ ያመለጠው ትኩስ ቡና ጉያው ውስጥ ይገባል፤ ሁለቱም ያስተምራሉ። ሞላው ከወጣ በኋላ ተንሸራታቹ ብረት ወደ ኋላ ተስቦ ይነሳል፦ ሲኒዎቹን ባንድ እጁ። መጨረሻ ላይ የጋዝ ቱቦው ይቀራል፤ እሱ የጀበናዋ አንገት ነው። አንገቱ አይፈታም። ከተፈታ ተሰብሯል፤ ከተሰበረ ደግሞ ጎረቤት ያዋሰችው ስለሆነ ጉዳዩ ከጦር ፍርድ ቤት ወጥቶ ወደ ዕድር ይተላለፋል።

መገጣጠሙ በተገላቢጦሽ ነው። አቦል ላይ በሰላም ጊዜ ይፈተናል፤ ቶና ላይ ባንድ እጁ፤ በረካ ላይ ደግሞ ታዳሚው ንፍሮ እየወረወረበት፣ በተኩስ ሥር። ባቄላው ለመድፍ፣ ስንዴው ለመትረየስ። ቡናው ካልፈሰሰ ሃምሳ አለቃ፣ በጥቂቱ ከፈሰሰ አስር አለቃ፣ ረከቦቱ ከተገለበጠ ምልምል ተብሎ ወደ ብር ሸለቆ ማሠልጠኛ ይመለስ። የሟች ቤተሰብ ትንሽ ዝም ቢል ደስ ይለናል፤ ፈተና ላይ ነን።

ይህን ያለፈ ደግሞ “ወረቀት አምጣ” ይጠብቀዋል። ግሩም ሐሳብ ነው። ግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን፣ መታወቂያውን ቀዶ ወንዝ የጣለው፣ የደንብ ልብሱን ለአንድ አሮጌ ጋቢ ለውጦ ሌሊት ሌሊት ወደ አገሩ የገባው ሰው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ድንኳን ውስጥ እንደሚጠየቅ አስቦ ወረቀቱን ላስቲክ ማስለበስ ነበረበት። ጥፋቱ የራሱ ነው! የብሔራዊ ውትድርናው አዋጅ በ1975 ሲወጣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ነበር የሚጠራው። ከዚያ አፈሳው መጣ። ያኔ እናት ልጇን ጎታ ውስጥ ከታ “ወላሂ የለም” ትል ነበር፤ የዚያን ዘመን ጭንቅ ወታደር አለመሆንን ማስረዳት ነበር። ዛሬ ከጎታው ተጎትቶ የወጣው ልጅ አርጅቶ፣ ወታደር መሆኑን ያስረዳ ተባለ።

ደግሞ አንደኛው ጎረምሳ “ሱሪህን ጠቅልልና ቁስልህን አሳየን” አለ።

እዚህ ላይ አልቀልድም። የሰው ገላ የመታወቂያ ወረቀት አይደለም። በዚህች ወሎ ቁስል የሌለበት ቤት ፈልጉ እስቲ፤ በ2014 የሆነውን ልጆች ሳይቀሩ ያዩት አገር ነው። የእግሩን ስብራት ሚስቱ እንኳ በብርሃን ያላየችበትን ሰው፣ ለአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ብለህ ለቅሶ ላይ ሱሪ ታስጠቀልላለህ? ጠቅልሎ ቢያሳይህስ ምን ልታደርግለት ነው? ታሽልለታለህ? ነውረኛ!

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። መርማሪዎቹ እውነተኛውን ቀጣፊ ለምን አይዙትም ለምትሉ ምቀኞች መልስ አለኝ፦ እሱ ፈተናውን ያልፋል። 30 ይላል፣ ሳያመነታ። ወረቀቱ ላስቲክ ለብሷል፣ ማኅተሙ ክብ ነው። ሰርግ ላይ ተነስቶ ሲፎክር የአዳራሹ መስታወት ይርገበገባል። ናደው ዕዝ ሥር ሆኖ ባድሜ ላይ እንዴት እንደቆሰለ ሲተርክ ማንም ጣቱን አያነሳም። ናደው፣ ያ ኤርትራ ውስጥ የነበረው የደርግ ዕዝ፣ አፋቤት ላይ የፈረሰው መጋቢት 1980፣ የባድሜ ጦርነት የተነሳው ግንቦት 1990 ነው፤ ሰውዬው አሥር ዓመት ሙሉ የፈረሰ ዕዝ ብቻውን ይዞ ጠብቋል ማለት ነው። ይህን የመሰለ ጽናት ማን ይጠይቃል? ደግሞም ጠረጴዛውን ቢራ ያስሞላው እሱ ነው፤ መርማሪዎቹ እየተጎነጩ እጃቸው ስልክ ለመያዝ አልተመቸም።

ድንኳኑ ውስጥ ግን ቪዲዮው ካለቀ በኋላ አንድ ሌላ ሽማግሌ ከጥግ ተነስተው መጡ። ከሽማግሌው አጠገብ ዝቅ ብለው “አያ፣ ኮቾሮውን በውኃ ነበር በሻይ የምትዘፈዝፉት?” አሏቸው፤ ኮቾሮ ያ እንደ ድንጋይ የደረቀው የወታደር ስንቅ ነው። ባለጃኬቱ ቀና ብለው “ውኃ የት ተገኝቶ! ኮዳዋ ላይ አንድ ጉንጭ ትቀር ነበር፤ እሷንም አስር አለቃው ይቆጥራታል። ጥርሴ የቀረው ኮቾሮ ላይ ነው” ብለው አፋቸውን ከፍተው ድዳቸውን አሳዩ። ሌላኛውም የራሳቸውን አሳዩ። እየተሳሳቁ ሲቆዩ ንፍሮው ቀረበላቸው፤ ባቄላውን ለልጆች ሰጥተው ስንዴውን ብቻ ለቀሙ።

መርማሪዎቹ ያኔ ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ ወጥተው ነበር።