የመጠባበቂያ ቅጂን ዋጋ ከመመለሻው በኩል እንመልከተው

ባለፈው ክረምት በአንድ ምሽት መብራት አራት ጊዜ ሄዶ ሲመለስ የቤታችን ኮምፒውተር በአራተኛው ላይ ሳይነሣ ቀረ። ጠጋኙ ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ኤሌክትሪክ ከሰጠው በኋላ ወደ ጆሮው አስጠጋና «ቀጭ ቀጭ ትላለች፤ ይቺ አልቆላታል» አለኝ። በውስጡ የአሥራ አንድ ዓመት ፎቶግራፍ፣ የእናቴ የቤት ካርታና የውክልና ሰነድ ስካን፣ የባለቤቴም የመመረቂያ ጽሑፍ ነበር። አብዛኛው የተረፈው በእኔ ጥንቃቄ ሳይሆን ወንድሜ ከሁለት ዓመት በፊት ፊልም ሊገለብጥ መጥቶ አብሮ ቀድቶት ስለሄደ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ በኢንተርኔት የሚቀመጥ ርካሽ መጠባበቂያ ሳፈላልግ ቆይቼ አንድ አቋም ላይ ደርሻለሁ፤ ብዙዎቻችን አገልግሎቶቹን የምናወዳድረው በወር ክፍያቸው ሲሆን፣ መወዳደር የነበረባቸው ግን የሰጠናቸውን ፋይል መልሰን ለመረከብ በሚያስከፍሉን ገንዘብ፣ ጊዜና ጣጣ ነው።

በቅድሚያ «ያለገደብ» የሚለውን ቃል በጥርጣሬ መመልከት ይገባል። ሞዚ የተባለው አገልግሎት በወር 5 ዶላር በማይሞላ ክፍያ የፈለጉትን ያህል ያስቀምጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ግን ለአዲስ ደንበኛ 50 ጊጋባይት ብቻ በ5.99 ዶላር መስጠት ጀመረ። ክራሽፕላን እ.ኤ.አ. በ2017 የቤት ተጠቃሚዎችን አገልግሎት እንደሚዘጋ አስታውቆ ደንበኞቹን ሌላ ቦታ እንዲፈልጉ አሰናበታቸው። ጉግል ፎቶስም ያለገደብ የሚያስቀምጥበት ነጻ ዘመን እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2021 አብቅቷል። ዛሬም ያለገደብ ከሚሰጡት መካከል የሚጠቀሰው ባክብሌዝ ሲጀምር በወር 5 ዶላር የነበረውን ዋጋ ደረጃ በደረጃ ከፍ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 9 ዶላር፣ ለሙሉ ዓመት ለሚከፍል ደግሞ ወደ 99 ዶላር አድርሶታል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ የዲስክና የኤሌክትሪክ ወጪ ያለበት ሥራ ነው። ነገር ግን ዛሬ ርካሽ ስለሆነ ብቻ የተመረጠ አገልግሎት ነገ ዋጋውን ሲጨምር ወይም ሲዘጋ ሙሉውን ክምችት እንደገና መጫን ግድ እንደሚሆን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

መጫኑ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። የኢንተርኔት ጥቅል ስንገዛ የሚነገረን ፍጥነት በአብዛኛው የማውረጃው ነው፤ መጠባበቂያ የሚፈልገው ግን የመጫኛውን ፍጥነት ነው። በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚጭን መስመር 200 ጊጋባይት ለመላክ ሳይቋረጥ ከዘጠኝ ቀን በላይ ይፈጃል፤ በየመሃሉ መብራት ሲሄድ ምን ያህል እንደሚረዝም እያንዳንዱ አንባቢ ከራሱ ሰፈር አንጻር ይገምተው። 20 ጊጋባይት ግን በዚያው መስመር በአንድ ቀን ውስጥ ይጠናቀቃል። ስለዚህ የቤት ኮምፒውተር ባለቤት መጀመሪያ የሚጠቅመው ዋጋ ማወዳደር ሳይሆን ፎልደሮቹን ማበጠር ነው። ከሌላ ሰው የተገለበጠ ፊልምና ዘፈን፣ ተመልሶ ሊወርድ የሚችል ፕሮግራም፣ በሦስት ቦታ የተደጋገመ የሠርግ ቪዲዮ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ቁም ነገር በብዙ ቤት ከ100 ጊጋባይት አያልፍም ብዬ እገምታለሁ። ለዚህ መጠን ጉግልም ሆነ ማይክሮሶፍት በአሜሪካ ዋጋ በወር 2 ዶላር ገደማ ይጠይቃሉ፤ ሰነዶቹ ብቻ ከሆኑማ ጉግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ሊበቃቸው ይችላል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። እነዚህ ርካሽ አገልግሎቶች በመሠረቱ የተሠሩት ፋይልን በመሣሪያዎች መካከል ለማመሳሰል ነው። ማመሳሰል ማለት ልጅ በስህተት ከላፕቶፑ ላይ ያጠፋው ፎልደር ከስልኩም ከኢንተርኔቱም ይጠፋል ማለት ነው። ጉግል ድራይቭ የተጣለን ፋይል በቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ ለ30 ቀን ያቆየዋል፤ ጥፋቱ በሠላሳ አንደኛው ቀን ከታወቀ ግን አይገኝም። የተለወጠ ወይም የጠፋ ፋይል የቀድሞ ቅጂው ለስንት ቀን እንደሚቆይ ሳይጠይቁ መመዝገብ፣ በእኔ እምነት፣ ውሉን ሳያነቡ እንደ መፈረም ነው።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ በውጭ አገር የሚወጡት የአገልግሎት ማወዳደሪያዎች የማያነሱት ጉዳይ አለ። ዩኒኮድ (ፊደላት በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ሆነው እንዲነበቡ የሚያደርገው ደረጃ) ሳይለመድ በፊት ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ በተባሉት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተጻፉ ሰነዶች ዛሬም በየቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ አሉ። እነዚህ ሰነዶች ፎንታቸው (የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፋይል) ከሌለ የሚታዩት ትርጉም በሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ነው። የመጠባበቂያ ፕሮግራሞች ደግሞ የዊንዶውስን ፎልደር አብዛኛውን ጊዜ ሳይነኩ ያልፋሉ፤ ፎንቶቹ የሚቀመጡት እዚያው ውስጥ ነው። ውጤቱም ሰነዱ ተርፎ ፊደሉ መቅረቱ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የፎንት ፋይሎቹን ገልብጦ ከሰነዶቹ ጋር በአንድ ፎልደር ማስቀመጥ። እኔ ራሴ አንዱን አገልግሎት ስሞክር «የእማማ ሰነዶች» የሚል ፎልደር በአንድ የዚፕ ፋይል ታሽጎ ወርዶልኝ በአሮጌ ፕሮግራም ብከፍተው የፋይሎቹ ስም በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ወጣ። ይዘቱ ደህና ነበር፤ ነገር ግን ካርታውን ከውክልናው ለመለየት መቶ አርባ ፋይል አንድ በአንድ መክፈት ነበረብኝ። በአዲስ ፕሮግራም ደግሜ ስከፍተው ስሞቹ በአማርኛ ተመለሱ።

የክፍያው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። አገልግሎቶቹ የሚከፈሉት በዶላርና በዓለም አቀፍ ካርድ ነው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ከላይ ያነሣሁት የባክብሌዝ የዓመት ክፍያ፣ 99 ዶላር፣ በባንክ ምንዛሪ 5,700 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ወደ 10,000 ብርና ከዚያ በላይ ሆነ። ብዙ ቤተሰብ ውጭ አገር ያለ ዘመድ እንዲከፍልለት ያደርጋል። በዚህ ነውር የለም፤ ብቻ ሒሳቡ በማን ኢሜይል እንደተከፈተና የዘመዱ ካርድ ቀኑ ሲያልፍ ማስጠንቀቂያው ለማን እንደሚደርስ ከወዲሁ መስማማት ይገባል። ፋይሎቹን በራስ ቁልፍ የማመስጠር፣ ማለትም ራሱ በመረጠው የይለፍ ቃል ብቻ እንዲከፈቱ የማድረግ፣ ምርጫ የወሰደም ሰው ቁልፉን ወረቀት ላይ ጽፎ ያስቀምጥ፤ ቁልፉ ከጠፋ ድርጅቱ ራሱ ሊከፍተው አይችልም።

ይህን ሁሉ አድርጎም ቢሆን በኢንተርኔት ያለ ቅጂ ብቻውን በቂ ነው አልልም። በ2012 ዓ.ም. ከሰኔ 23 ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ገደማ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ፣ ውጭ አገር ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ሰነድ ለባለቤቱ እንደሌለ ነበር። ስለዚህ እኔ የመረጥኩት መንገድ ይህ ነው፦ ሰነዶቹና የተመረጡ ፎቶግራፎች በወር 2 ዶላር ኢንተርኔት ላይ፣ ሙሉው ክምችት ደግሞ በሃርድ ዲስክ ወንድሜ ቤት። በየሦስት ወሩ አንድ እሑድ ከሁለቱም ቦታ አንድ አንድ ፎልደር መልሼ አወርዳለሁ። ባለፈው ወር ተራው የባለቤቴ የመመረቂያ ጽሑፍ ነበር፤ ከኢንተርኔቱ የመጣው ተከፈተ፤ ከሃርድ ዲስኩ የመጣው ግን የመጨረሻው ምዕራፍ የሌለበት አሮጌ ቅጂ ሆኖ ተገኘ፤ የዚያኑ ዕለት ማታ በአዲሱ ተካሁት።