ደርበው ለሚቀድሙን እጅ እንነሣለን

ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤልን ሊሳለም ከአዲስ አበባ በመኪና የሚወጣ ሰው ሁሉ የአንድ ባለውለታ ምስጋና አለበት። ደርበው የሚቀድሙትን ሹፌር ማለቴ ነው። እሳቸው ባይኖሩ በጊዜ ደርሰን ምን ይውጠን ነበር?

ችሎታቸው የፍጥነት መንገዱ ላይ ነው መታየት የሚጀምረው። መሐንዲሶቹ በአንድ አቅጣጫ ሦስት መስመር አስምረው ዳሩን ለተበላሸ መኪናና ለአምቡላንስ ተዉት። እሳቸው ያን የመሰለ አስፋልት ጦሙን ማደሩ አንጀታቸውን በላው። በዳሩ ሽው ብለው አዳማ መውጫ ክፍያው ጋ ሲደርሱ አፍንጫቸውን ሰካ ያደርጋሉ። ተራ የያዝነውማ እኛ ነን፣ ሥራ ፈቶቹ።

ዋናው ትርዒት ግን ከአዳማ ወዲያ ነው። ወደ ወለንጪቲና መተሐራ የሚወስደው አሮጌው መንገድ አንድ ሂያጅ፣ አንድ መጪ ነው፤ ያውም የጅቡቲ ጭነት የሚያመላልሱ ተሳቢዎች ሌት ተቀን የማይጠፉበት። አንዱ ተሳቢ ጎማው ፈንድቶ ቆመ እንበል። ከወዲህ አምስት፣ ከወዲያ አምስት እየተባለ ቢታለፍ በግማሽ ሰዓት ነገሩ ባለቀ። እንዲህ ያለው ፍርሃት ለእሳቸው አይሆንም። ክላክሳቸውን አምባርቀው በግራ ወጡ። እኛ ደግሞ መሪ ካገኘን አንሰንፍም፦ ሚኒባሱ ተከተለ፣ ከሚኒባሱ ኋላ ቪትዙ፣ ከቪትዙ ኋላ ባንዲራ ያሰረው አባዱላ። ከወዲያ በኩልም የአወዳይ ጫት የጫነ አይሱዙ ተመሳሳይ ጀግንነት ፈጽሞ ኖሮ ግንባር ለግንባር ገጠሙ።

«ወደ ኋላ በል!»

«አንተ በል! እኔ የጫንኩት ይጠወልጋል!»

የእኛ ሰው መልስ አልሰጡም። ሞተር አጠፉ፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ፣ ብርቱካን መላጥ ጀመሩ። ወደ ኋላ ልበል ቢሉስ፣ በስንት ተከታይ ላይ? የሚኒባሱ ረዳት ዘሎ ወርዶ ራሱን ትራፊክ ፖሊስ አድርጎ ሾመ፦ «ስበር! ስበር! መልስ! በቃ!» ቪትዙ አንድ ስንዝር ተነቃነቀና የአባዱላውን ስፖኪዮ ይዞ ቀረ።

ጥቅሙን እንቁጠር ከተባለ ብዙ ነው። የመንገድ ዳር ልጆች የታሸገ ውሃ ቸበቸቡ። ለስለት የተያዘው ጃንጥላ ከመልአኩ በፊት ለፀሐይ ዋለ፤ ጧፉ ግን ዳሽቦርድ ላይ ተቀምጦ እንደ ሽማግሌ ጎበጠ። ሳይተዋወቁ የወጡ መንገደኞች ተዋወቁ፣ ተሰዳደቡ፣ ታረቁ። ልጆቻቸውን ሽንት ለማሸናት ቁጥቋጦ የሚፈልጉ እናቶች ብቻ ደስታው ያልገባቸው ይመስላሉ፤ የሰው ነገር፣ ሁሉን ማስደሰት አይቻልም።

ሲመሽ ትራፊክ ፖሊሱ በእግራቸው መጡ፤ ሞተሩማ የት ይለፍ! ማን ዘጋው ብለው ሲጠይቁ ሁሉም ጣቱን ወደ ጎን ቀሰረ። አይሱዙውን በግድ ዳር አስያዙና መንገዱን ማስተንፈስ ያዙ። መጀመሪያ ማንን እንዳሳለፉ ገምቱ። ከፊት ያሉትን ነዋ! እሳቸውም የብርቱካኑን ልጣጭ በመስኮት ወርወር አድርገው፣ ወደኛ ወደ ተሰለፍነው ዞር ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፦

«ኧረ ይሄ ሕዝብ ትንሽ ትዕግሥት ቢኖረው!»