እርሳስ ላይ ለምን ቆሙ?

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚባለው እኛ ዘንድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የኢዳ ኖዳክን ታሪክ ሳውቅ ግን ተረቱ ሮምና በርሊንም እንደሚሠራ ገባኝ።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1934 ነው። ጣሊያናዊው ፊዚሲስት ኤንሪኮ ፌርሚ ከወጣት ባልደረቦቹ ጋር ሮም ውስጥ ያገኘውን ንጥረ ነገር ሁሉ በኒውትሮን ይደበድባል። ኒውትሮን የአቶም ቅንጣት ነው፤ የኤሌክትሪክ ቻርጅ የለውም፤ የአቶሙ እምብርት፣ አስኳሉ፣ ሳይገፋው ዘው ብሎ ይገባል። እንግዳ የገባበት አስኳል ብዙ ጊዜ ሰላም ያጣል። ጨረር እየረጨ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ተራው የዩራኒየም ሲደርስ የማይታወቅ ጨረር ታየ። ዩራኒየም በንጥረ ነገሮች ተራ 92ኛ ነው፤ ቡድኑ ከእሱ ወደ ታች እስከ 82ኛው፣ እስከ እርሳስ ብረት ድረስ ያሉትን ጎረቤቶቹን አመሳከረ። አንዱም አልገጠመም። እንግዲያው 93ኛውን ንጥረ ነገር ሳንሠራ አልቀረንም አሉ።

ኢዳ ጀርመናዊት ኬሚስት ናት፤ በ1925 ሬኒየም የተባለውን ንጥረ ነገር ካገኙት አንዷ። በዚያው በ1934 ባወጣችው ጽሑፍ ፍተሻው እርሳስ ላይ መቆም እንዳልነበረበት ተናገረች። ምናልባት አስኳሉ ወደ ትልልቅ ቁርጥራጮች ተሰባብሮ ይሆናል አለች። ማን ይስማት! እርግጥ ራሷም ሞክራ አላሳየችም። ከባልደረቦቿ ጋር 43ኛውን ንጥረ ነገር አገኘን ብለው ያወጁትም አልተረጋገጠላቸውም ነበርና ስሟ ላይ ጥላ አጥልቷል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን አሉሚኒየሙ ነው። ፌርሚና ጓደኞቹ የዩራኒየሙን የራሱን ጨረር ለመከለል በስስ አሉሚኒየም ሸፍነውት ነበር። ያችው ሽፋን የተሰበረውን አስኳል ቁርጥራጮችም አስቀረች። መልሱ እዚያው እጃቸው ላይ፣ ከሽፋኑ ሥር ነበር።

ፌርሚ ታኅሣሥ 10 ቀን 1938 በፈረንጆቹ ስቶክሆልም ላይ ኖቤሉን ተቀበለ። በዚያው ወር በርሊን ውስጥ ኬሚስቶቹ ኦቶ ሃን እና ፍሪትዝ ሽትራስማን ከተደበደበው ዩራኒየም ባሪየም አገኙ። ባሪየም 56ኛ ነው፤ ከእርሳስ በጣም ይርቃል። ከናዚዎች ሸሽታ ስዊድን የገባችው ፊዚሲስቷ ሊዘ ማይትነር ከእህቷ ልጅ ከፍሪሽ ጋር ሆና ነገሩን ፈታችው፦ አስኳሉ ለሁለት ተከፍሏል። የ1944ቱን ኖቤል ግን ሃን ብቻውን ወሰደ። ተረቱ እንደገና!

እንኳንም ኢዳን አልሰሟት የሚሉ አሉ። በ1934 ቢታወቅ ኖሮ ቦምቡን ሂትለር ይቀድም ነበር ባዮች ናቸው። ሊሆን ይችላል። ግን ሮም ላይ ዝም ያሏት ሂትለርን ፈርተው አይደለም። ለዕድል የሚገባውን ምስጋና ለእነሱ አንስጥ።

ኢዳም ለኖቤል በተደጋጋሚ ታጭታ ነበር። አንድም ጊዜ አልደረሳትም።