ቅሬ የሌለው ዳኛ

ደሴ ውስጥ ጎልማሳ ሰው የሥዕል መጽሔት ሲያነብ ከታየ ግምቱ ሁለት ነው። ወይ ልጅ እያስጠና ነው፤ ወይ ታሟል። የእኔ ልጆች አድገው ሥራ ይዘዋል። ቀሪውን እናንተ ገምቱ።

የማነበው ቱ ታውዘንድ ኤዲ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. 2000፣ የሚባል የእንግሊዝ ሳምንታዊ ኮሚክ ነው። መጪውን ዘመን በሥዕል ይተርካል። ሮቦቱ፣ መንኮራኩሩ፣ ጨረር የሚተፋው ጠመንጃ፣ ከሌላ ዓለም የመጣው ፍጡር፣ ሁሉም እዚያ አለ። የተወለደው በየካቲት 1969 ዓ.ም. ነው። እኛ አገር መንግሥቱ ኃይለማርያም ሥልጣኑን ጠቅልሎ ከያዘ ገና ወር አልሞላውም ነበር። የመጀመሪያው እትም ዋጋው 8 ፔንስ ሲሆን የሚወረወር የፕላስቲክ መጫወቻም በምርቃት ነበረው። ያኔ እ.ኤ.አ. 2000 ሩቅ ስለነበር ለመጪው ዘመን መጽሔት ጥሩ ስም ነበር። ዓመቱ መጣና አለፈ። እኛም በራሳችን አቆጣጠር ቆየት ብለን ሚሊኒየማችንን አከበርን። ስሙ ግን አልተቀየረም። ስም ማስቀየር ምን ያህል ደጅ እንደሚያስጠና የሚያውቅ ሰው አይፈርድባቸውም።

ከመጽሔቱ ጋር ያስተዋወቀኝ ጫማ ነው። ለንደን የሚኖር ዘመድ ጫማ ሲልክልኝ በመጽሔቱ ገጾች ተጠቅልሎ መጣ። ጫማው ጠበበኝ። ወረቀቱ ግን ልኬ ሆነ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ በዘመድ ሻንጣ፣ በኋላ ደግሞ በስልክ እከታተላለሁ። መብራት ሲጠፋ መጪው ዘመንም አብሮ ይጠፋል። ሲመጣ ይመጣል።

በቅርብ ዓመታት ስለወጡት እትሞች ያለኝ አስተያየት አጭር ነው። ሥዕሉ ተሻሽሏል፤ ሳቁ ቀንሷል። ሳቁ የቀነሰው ደግሞ ጎረቤት ስለጠፋ ነው።

ላስረዳ። የመጽሔቱ ዋና ሰው ዳኛ ድሬድ ነው። ጸሐፊው ጆን ዋግነርና ሠዓሊው ካርሎስ ኤዝኬራ የፈጠሩት፣ በሁለተኛው እትም ብቅ ያለ፣ እስከ ዛሬም ያልወረደ። ሜጋ ሲቲ ዋን በሚባል ከተማ ይኖራል። ፖሊሱም ዐቃቤ ሕጉም ዳኛውም እሱ ነው። መንገድ ላይ ያቆምሃል፣ እዚያው ይፈርድብሃል፣ እዚያው ያስገባሃል። ቀጠሮ የለም፤ መዝገብ ጠፋ የለም። አንድ የመሬት ክርክር ይዞ የተመላለሰ ጓደኛዬ ይህንን ክፍል ሳሳየው "እነዚህ ሰዎች እዚህም ቅርንጫፍ ይከፍታሉ?" አለኝ።

የድሮዎቹ እትሞች ግን ከዳኛው ይልቅ ተዳኙን ይስሉ ነበር። በዚያ ከተማ ሥራውን ሁሉ ሮቦት ስለሚሠራው ነዋሪው ሥራ ፈት ነው። ሥራ ፈት ሕዝብ ደግሞ ፋሽን ይፈጥራል። አንድ ሰሞን አስቀያሚ መሆን ፋሽን ሆነ። ሰው ገንዘብ ከፍሎ መልኩን ያስበላሻል። ኦቶ ሰምፕ የሚባል ነጋዴ በዚህ ሥራ ከበረ። ከዚያ መንግሥት ነቃና በአስቀያሚነት ላይ ግብር ጣለ! ይህንን ፒያሳ ሳሎን ላላት ጎረቤቴ በሳቅ እየፈረስኩ ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም። "የቀን ገቢ ግምቱን ስንት አሉት?" አለችኝ።

ደግሞ የቡናው ነገር አለ። ሜጋ ሲቲ ዋን ውስጥ ቡና ክልክል ነው። ሱስ ያስይዛል ተብሎ። በምትኩ ሰው ሠራሽ ቡና ተሰጣቸው። እሱም ሱስ ያስይዛል ተባለና ተከለከለ። አሁን የሰው ሠራሹን ቡና ሰው ሠራሽ ነው የሚጠጡት። ይህን ያወራሁት ሸዋ በር አካባቢ አንድ ቤት ቡና ተፈልቶ፣ አቦሉ ወርዶ፣ ቶናው እየተጠበቀ ነው። ቡና የምታፈላው እናት ማራገቢያዋን አስቀመጠች።

"ታዲያ ሰው ሲጣላ በምን ይታረቃል?" አለች።

"አይታረቅም እማማ። ድሬድ መጥቶ ያስራቸዋል።"

"አይ! ይሄ እንኳ ከተማ አይደለም" አለችና ማራገቢያዋን አነሳች። ከጎኗ የተቀመጠች ሌላዋ ደግሞ ቡና ሲወደድ ገብስ ቆልተው የሚቀላቅሉ ነጋዴዎችን አስታውሳ፣ እንግሊዞቹ ወሬውን ከየት እንዳገኙት ጠየቀችኝ። ስኳርም እዚያ ክልክል ነው። በኮንትሮባንድ ይገባል፤ የተያዘ ይታሰራል። በዚህ በኩል እኛ ነጻነታችን የተከበረ ነው። ስኳር ተከልክሎብን አያውቅም። ይጠፋል እንጂ።

እንግዲህ የድሮው ድሬድ እንዲህ ነበር። በየቡናው ላይ ይወራ ነበር። አዲሶቹ እትሞች ላይ ዳኞች ከዳኞች ጋር ይመሳጠራሉ፣ ዳኞች ዳኞችን ይከዳሉ፣ ዳኞች በጨለማ ክፍል ተቀምጠው ስለ ዳኞች ያወራሉ። ስብሰባ ነው። ስብሰባ እንኳ ደሴም ሞልቷል።

ከእነዚህ አንዱን ግን ላመሰግን። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ኤ ቤተር ዎርልድ። ጸሐፊዎቹ ሮብ ዊሊያምስና አርተር ዋያት፣ ሠዓሊው ሄንሪ ፍሊንት ናቸው። ጀግናዋ ሒሳብ ሠራተኛ ናት። ሜይትላንድ ትባላለች፣ ራሷም ዳኛ ናት። ቁጥሮቹን ደምራ ቀንሳ አንድ ነገር ታገኛለች። ለዳኞች ከሚመደበው በጀት ተቀንሶ ለትምህርትና ለኑሮ ቢውል ወንጀል ይቀንሳል። በቃ፣ ይህ ነው ቦምቡ። ከዚያ የሚሆነውን አልነግራችሁም፤ አንዳንድ አለቆች ደስ እንዳላቸው ግን አትጠብቁ። በሮቦትና በመንኮራኩር ከተሞላ መጽሔት ውስጥ ልቤን ሰቅሎ ያቆየው የበጀት ሠንጠረዥ መሆኑ ለራሴም ገርሞኛል።

ችግሩ የተፈጠረው ታሪኩን ለሰፈራችን ቅሬ ስተርከው ነው።

ወሎ ላልኖራችሁ፦ ቅሬ ማለት ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። ሲሞት የሚቀብር፣ ሲያዝን የሚያስተዛዝን፣ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ድንኳን ስር የሚያስቀምጥ። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። የእኛ ቅሬ ዳኛ ሐጂ ናቸው። ሽጉጥ የላቸውም፣ ሞተር ሳይክል የላቸውም። አንድ ደብተር አላቸው። ለቅሶ የቀረ፣ ሬሳ ሲወጣ ያረፈደ፣ የወሰደውን ድስት ያልመለሰ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ድሬድ ሕግ እኔ ነኝ ይላል። ሐጂ ምንም አይሉም። ደብተሩን ይገልጡታል። ትልልቅ ነጋዴዎች ያን ጊዜ ድምፃቸው ሲቀጥን አይቻለሁ።

የዕለቱ አጀንዳ የለቅሶ ቀሪ ስለበዛ ቅጣቱ ይጨመር የሚል ነበር። እጄን አወጣሁ። "ሐጂ፣ አንዲት ሒሳብ ሠራተኛ በዚህ ላይ ጥናት ነበራት" ብዬ የሜይትላንድን ነገር አስረዳሁ። ቅጣት ከምንጨምር፣ ከተቀመጠው ገንዘብ ለመንገዱ መብራት እንግዛ፤ ሰው የሚቀረው ማታ በጉም ቁልቁለቱን መውረድ ፈርቶ ነው አልኩ። የደሴን ጉም የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሐምሌ ላይ የገዛ እግርህን በስም መጥራት ያስፈልግሃል።

ቤቱ ዝም አለ።

"ሴትዮዋ የማን ልጅ ናት?" አሉ ሐጂ።

"እዚህ አይደለችም ሐጂ። ሜጋ ሲቲ ዋን ናት።"

"ኮምቦልቻ ነው?" አለ ከኋላ አንዱ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ እዚህ የማይታወቅ ስም ሁሉ ኮምቦልቻ ነው።

ገንዘብ ያዡ ግን ወሬውን በሌላ በኩል ተረዳው። ሒሳብ ይመርመር የተባለ መሰለው። ፊቱ ተለዋወጠ። "እኔ እዚህ የገባሁት በአላህ ፊት ምዬ ነው! ውጭ አገር ድረስ ሄዶ ሒሳብ አስመርማሪ መጥራት ምን አመጣው?" አለ። አብሽር ቢሉት አልሰማም። ማብራራት ስጀምር ከአጀንዳ ውጪ በመናገር ተቀጣሁ። ቅጣቱም በአዲሱ ተመን ነው፤ እኔ እየተናገርኩ ሳለ ጸድቆ ነበር። ድሬድ እንኳ እንዲህ አይፈጥንም።

በዚያ ስብሰባ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ተነሥቶ አልመለስኩትም። እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣ ታሪክ ሜጋ ሲቲ ዋን ጦርነት ገጥሞት ከ800 ሚሊዮን ነዋሪው ግማሹ ያልቃል። ይህንን ሳወራ አንዷ እናት "ድንኳኑን ማን አቆመ?" አለችኝ። ገጹን መልሼ መላልሼ አየሁ። ማንም አላቆመም። አንድ ሕንፃ ውስጥ ሰው በአስር ሺዎች ይኖራል፤ ንፍሮ የቀቀለ የለም።

ከአዲሶቹ ሁሉ የምወደው ብሪንክን የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዳን አብኔት ይጽፈዋል፣ ካልባርድ ይስለዋል። ምድር አላኖርም ብላ ሰው ሁሉ ጠፈር ላይ በተንጠለጠሉ ሰፈሮች ታጭቋል። ብሪጅት ከርቲስ የምትባል ፖሊስ በዚያ ጥበት ውስጥ ምስጢራዊ አምልኮዎችን ትከታተላለች። ተኩስ ብዙ የለም። ኮሪደር አለ፣ ዝቅ ያለ ጣሪያ አለ፣ ወሬ አለ። ብዙ ወሬ። ሰው በሰው ግድግዳ በኩል ይሰማማል። እንዲህ ሲሆን ነው ታሪክ የሚጥመኝ። የምተቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዚያ ሁሉ መጣበብ በር አንኳኩቶ በርበሬ የሚበደር የለም። ይህን አላምንም። ሰው ምድርን ሊተው ይችላል፣ በርበሬ ግን ያልቅበታል።

የዚሁ ጸሐፊ ሌላው ሥራ ዚ አውት ነው፤ ሠዓሊው ማርክ ሃሪሰን። ሲድ ፊንሊ የምትባል ፎቶግራፍ አንሺ ብቻዋን በማይታወቅ ጠፈር ትዞራለች። የሚያናግር ሻንጣ አላት። ቀለሙ ዓይን ያጠግባል። ነገር ግን ሴትዮዋ ያን ሁሉ ርቀት ስትሄድ "የት ደረስሽ?" ብሎ የሚደውል ዘመድ የላትም። እኔ ለሥራ ከደሴ ኮምቦልቻ ስወርድ ገና ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ሳለሁ ሦስት ሰው ይደውልልኛል። ታሪኩን ሚኒባስ ውስጥ ሳነብ አንገቱን አስግጎ የሚያየው ረዳት "ሻንጣው ያወራል?" አለኝ። አዎ አልኩት። "እንግዲያ የአንድ ሰው ሒሳብ ይከፍላል" አለ።

ቅሬታ አለኝ፤ ሳልናገር አላልፍም። አንድ እትም ውስጥ ብዙ ጊዜ አምስት ታሪክ አለ፤ እያንዳንዱ አምስት ስድስት ገጽ ነው። ማን ማን እንደሆነ ሳስታውስ "ይቀጥላል" ይለኛል። አንዳንዱ ሲያልቅ ለቀጣዩ ክፍል ከዓመት በላይ ይጠፋል። ሲመለስ የሞተውን ካልሞተው መለየት አቅቶኝ ለሁሉም አዝኛለሁ።

አንድ የድሮ ቀልዳቸውም አሁን አላስቅ ብሎኛል። የመጽሔቱ አዘጋጅ ታርግ የሚባል አረንጓዴ ፍጡር ነው ይላሉ፤ ከቤቴልጂውስ ኮከብ አካባቢ የመጣ። ጸሐፊዎቹና ሠዓሊዎቹ ደግሞ እሱ የሚያሠራቸው ሮቦቶች ናቸው። ድሮ ይህ ጥሩ ሳቅ ነበር። ዛሬ የጎረቤቴ ልጅ የሠርግ ጥሪ ወረቀቱን ሥዕል በስልኩ አዝዞ በደቂቃ አሠራው። ሙሽራዋ እጅ ላይ ስድስት ጣት አለ። ማንም አልቆጠረም፤ እኔ ግን ታርግን አስታወስኩ።

ድሬድም አርጅቷል። ሌሎች የኮሚክ ጀግኖች ዕድሜያቸው ቆሞ ይቀራል፤ እሱ ግን አንባቢው አንድ ዓመት ሲጨምር አንድ ይጨምራል። አሁን ከ80 አልፏል። በእኛ ሕግ 60 ሲሞላው ጡረታ ወጥቶ ሰኞ ገበያ በግ ሲያማርጥ ይውል ነበር። ይህንን አሠራር እወደዋለሁ። አብሮኝ ያረጀ ጓደኛ ማለት እሱ ነው፤ እሱ መታደሻ ሕክምና አለው እንጂ። እኔ ጉልበቴን በቅቤ ነው የማሸው።

ባለፈው ሐጂ መጽሔቱን ካላየሁት አሉ። ያለኝን አንድ የወረቀት እትም ሰጠኋቸው። ለቀጣዩ ስብሰባ ይዘውት መጡ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ድሬድ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

"ይህ ሰው ፊቱን አያሳይም?"

"ከጀመረ ጀምሮ የራስ ቁሩን አውልቆ ፊቱን በግልጽ አሳይቶ አያውቅም ሐጂ።"

"ለቅሶ ላይ ስም ሲጠራ መገኘቱን በምን ያውቃሉ?"

መልስ አልነበረኝም። ሐጂ ወደ ጸሐፊው ዞሩ።

"ቀሪ ብለህ ጻፍበት" አሉ።