ልጁ የቀረው አውቶቡስ አምልጦት ከሆነስ?

አንድ የ15 ዓመት ልጅ ስልክ ሰርቆ ተያዘ እንበል። ዳኛው አላሰሩትም። «ወደ ቤትህ ሂድ፤ ለአንድ ዓመት ግን በክትትል ሥር ትቆያለህ» አሉት። እናቱ በደስታ አለቀሰች። ከችሎቱ ሲወጡ አንድ ወረቀት ተሰጠው። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ከቤት አትውጣ። ከትምህርት ቤት አትቅር። በየሳምንቱ ማክሰኞ የክትትል ቢሮ ቅረብ። ከእነ እገሌ ጋር አትታይ። እንዲህ እያለ ሁለት ገጽ ይሞላል።

በሦስተኛው ወር ልጁ ሁለት ማክሰኞ ቀረ። አንድ ቀን ደግሞ ከመሸ መንገድ ላይ ታየ። አልሰረቀም፣ ማንንም አልነካም። ሆኖም «ግዴታውን ጥሷል» ተብሎ ዳግም ዳኛ ፊት ቆመ። ከዚያ ማቆያ ገባ።

ይህን ልጅ ለምሳሌ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እሱን የሚመስሉ ልጆች ግን በብዙ አገር አሉ። ስለ ወጣት አጥፊዎች ስንከራከር ሁሌም የምንጣላው «ይታሰር» «አይታሰር» እያልን ነው። «አይታሰር» ከተባለ በኋላ ያለውን አንድ ዓመት ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ብዙ ልጅ የሚጠፋው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

በአማርኛ ክትትል እና ቁጥጥር ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሐኪም በሽተኛውን ይከታተላል። ዘበኛ በሩን ይቆጣጠራል። ፍርድ ቤቶች ለልጁ የሚሰጡት ትዕዛዝ ስሙ ክትትል ነው፤ ሥራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁጥጥር ይሆናል። ቀረ፣ አልቀረም። ገባ፣ አልገባም። ልጁን የሚከታተለው ባለሙያ እጅ ላይ በጣም ብዙ መዝገብ ሲከመርበት ከዚህ በላይ ለመጠየቅ ጊዜም አያገኝ።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1841 ቦስተን ውስጥ ጆን ኦገስተስ የሚባል ጫማ ሠሪ ፍርድ ቤት ገብቶ ሊታሰር ለተቃረበ አንድ ሰካራም ዋስ ሆነ። ሰውዬው ከሦስት ሳምንት በኋላ መጠጡን ትቶ ቀረበ። ዳኛውም ወህኒ አላወረዱትም። ኦገስተስ በ1859 እስኪሞት ድረስ ወደ 2,000 ለሚጠጉ ሰዎች እንዲሁ ዋስ ሆኗል፤ ልጆችም ነበሩባቸው። ሥራ ያፈላልግላቸው፣ ማደሪያ ያገኝላቸው ነበር። የዛሬው የክትትል ሥራ መነሻው የዚህ ሰው ሥራ ነው። በ1899 ቺካጎ ውስጥ የመጀመሪያው የልጆች ፍርድ ቤት ሲከፈትም የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነበር፤ ልጁን እንደ ወላጅ እንያዘው የሚል።

ደግ ሐሳብ ብቻውን ግን ልጅን አያድንም። በ1964 አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። በሕግ ትምህርት በልጁ ስም የጎልት ጉዳይ ተብሎ ይታወቃል። የ15 ዓመት ልጅ ነው። ቀድሞ በክትትል ሥር ነበር። ለአንዲት ጎረቤት ስልክ ደውሎ ነውር ተናግሯል ተባለና ተያዘ። ወላጆቹ ሥራ ላይ ነበሩ፤ የነገራቸው የለም። ጠበቃ አልነበረውም። ከሳሿ ሴት ዳኛ ፊት አልቀረበችም። ያንኑ ጥፋት አዋቂ ቢያጠፋው ቅጣቱ ቢበዛ 50 ዶላር ወይም የሁለት ወር እስር ነበር። ልጁ ግን 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በማረሚያ እንዲቆይ ተፈረደበት። ለስድስት ዓመት ያህል ማለት ነው! የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን የሻረው በ1967 ነው። ልጅም ክሱን የማወቅ፣ ጠበቃ የማግኘት፣ ምስክር የመጠየቅና በራሱ ላይ ያለመመስከር መብት አለው አለ።

ይህ ጉዳይ አሁንም ያሳስበኛል። «ለልጁ ብለን ነው» የሚል ሁሉ ለልጁ አይሆንም። ለዚህ ነው ክትትሉም ልክና ወሰን ሊኖረው የሚገባው።

ወሰኑን አዲስ መፈልሰፍ አያስፈልግም። የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ስምምነት ልጅን ማሰር የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፣ ከታሰረም ለአጭር ጊዜ ይሁን ይላል። በ1990 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቃቸው የቶኪዮ ደንቦች ደግሞ ከእስር ውጭ ስላሉ እርምጃዎች ሁለት ነገር ይላሉ። ግዴታዎቹ ግልጽ፣ ሊፈጸሙ የሚችሉና በተቻለ መጠን ጥቂት ይሁኑ። ሰውየው ግዴታውን ሳይወጣ ቢቀርም ወዲያው ወደ እስር አይሂድ። ደንቦቹ አዋቂውንም ይመለከታሉ። ለአዋቂ ከታሰበ፣ ለ15 ዓመት ልጅማ እንዴት አይታሰብም?

የልጅ አእምሮ ገና እየበሰለ ነው። ስሜትን የሚገታው፣ ነገን የሚያሰላው ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ማደጉን አያቆምም። አንድ ዓመት ሙሉ ሁለት ገጽ ግዴታ ሳያዛንፍ የሚፈጽም ልጅ ከየት ይመጣል? ብዙዎቻችን በዚያ ዕድሜ አንድ ሳምንት እንኳ አንችለውም ነበር።

«ይፈራ፣ ያኔ ይታረማል» የሚሉም አሉ። ይህም ተሞክሯል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ልጆችን እስር ቤት ወስዶ እስረኞች እየጮኹ እንዲያስፈራሯቸው ማድረግ ፋሽን ሆኖ ነበር። በኋላ ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲታዩ፣ እዚያ የተወሰዱት ልጆች ካልተወሰዱት ይልቅ የባሰ አጥፍተው ተገኙ።

ስልኩ የተሰረቀበት ሰውስ? ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው ልክ ነው። እሱን የማያስታውስ ክትትል ጎዶሎ ነው። ኒውዚላንድ በ1989 ባወጣችው ሕግ ልጁን፣ ቤተሰቡን፣ ፖሊስንና ከፈለገ ተበዳዩንም አንድ ላይ ታስቀምጣለች። ተበዳዩ የደረሰበትን ፊት ለፊት ይናገራል። ልጁ እንዴት እንደሚክስ አብረው ያቅዳሉ። ይህ ለልጁ ቀላል አይደለም። ለአንድ ልጅ ማክሰኞ መጥቶ ከመፈረም ይልቅ የበደሉትን ሰው ዓይን ማየት ይከብዳል።

ወደ ያ ልጅ ልመለስ። ማክሰኞ ሲቀር፣ ረቡዕ ጠዋት ስልክ ይደወልለት። «ምነው ቀረህ? ደህና ነህ?» ይባል። ምናልባት አውቶቡስ አምልጦታል። ምናልባት ታናሽ እህቱን የሚይዝለት ሰው አጥቶ ነው። ወይም ደግሞ ያ የጥንት ጓደኛው መጥቶ ይዞት ሄዷል። ሦስቱም የተለያየ መልስ ይፈልጋሉ። በጥሰት ቅጹ ላይ ግን ለሦስቱም የሚሞላው አንድ ሳጥን ነው።